እያነከሰ የሄደው ቡሩክ

ከወገብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚቆይ የእግር ሕመም የቀረበ ስብከት
(ዘፍ. 32፥22-32፤ 33፥12-14)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። ከዚያ በኋላ ጣርማ በር ላይ ወደ ሰሜን ታጥፎ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚዘልቀውን የመንዝ መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወገቡን በቀዶ ሕክምና ታክሞ በዚህ መንገድ ወደ ቤቱ የሚመለስ በሽተኛ ግን ከሁላችንም ይልቅ ያውቀዋል፤ እያንዳንዱን ጉድጓድና ኮረት በእግሩ ውስጥ ይቆጥረዋልና።

ይህን የምንጽፈው ከመጻሕፍት ብቻ ተምረን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በወገባችን አከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከቦታው ወጥቶ ነርቭ ስለ ተጫነ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገልን። ቁስላችን ሽሮ ስፌቱ ከወጣ በኋላም የግራ እግራችን ቀን መለብለቡን፣ ሌሊት መደንዘዙን አልተወም። በቅዳሴ ጊዜ እስከ መጨረሻው መቆም ተሳነን። ሰዎች መጥተው «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎ» ሲሉን በአፋችን «አሜን» እያልን፣ በልባችን ግን «በእርግጥ ምሕረት አግኝተናልን?» እያልን እንጠይቅ ነበር።

በዚያው ወራት ተመሳሳይ ሕክምና የተደረገላቸውን አንድ የመንዝ ገበሬ ልንጠይቃቸው ሄድን። ለሕክምናው ወጪ አንድ በሬና ብዙ በጎች ሸጠዋል። ከመደባቸው ላይ በጎናቸው ተጋድመው፣ «አባ፣ ሐኪሙ የከፈተው ጀርባዬን ነው፤ ሕመሙ የተቀመጠው ግን እግሬ ላይ ነው። በሬዬ ሄደ፤ ሕመሜ ቀረ። እግዚአብሔር ግማሹን ፈውሶ ግማሹን ረሳው እንዴ?» አሉን። ጎረቤቶቻቸውም ገንዘቡ በከንቱ እንደ ጠፋ ይነግሯቸው ስለ ነበር፣ በማግሥቱ ወጌሻ መጥቶ ወገባቸውን እንዲያሽላቸው አስጠርተው ቆዩን። በዚያ ቤት ፈጥነን መልስ አልሰጠንም፤ ጥያቄው የእኛም ጥያቄ ነበርና። ነገር ግን አብረን የያዕቆብን ታሪክ አነበብን።

ያዕቆብ በያቦቅ ወንዝ ማዶ ብቻውን ቀርቶ ሌሊቱን ሁሉ እስኪነጋ ድረስ ታገለ። የታገለውም የጭኑን ሹልዳ ነካው፤ ያዕቆብ ግን ሳይባርከው እንደማይለቀው ተናገረ። በዚያም አዲስ ስም ተሰጠው፣ ተባረከም። ጵኒኤልን ሲያልፍ ፀሐይ ወጣችበት፤ እርሱም በጭኑ ያነክስ ነበር። ቅዱስ መጽሐፍ ይህን ካለ በኋላ፣ የእስራኤል ልጆች ያንን የሹልዳ ጅማት የማይበሉት ስለዚህ እንደ ሆነ ይነግረናል። የአይሁድ ሊቃውንት ይህ ጅማት ከወገብ ተነሥቶ በጭን በኩል እስከ እግር የሚወርደው ታላቁ ነርቭ እንደ ሆነ ያስተምራሉ። እንግዲህ ወገቡን የታመመ ሰው ሌሊት የሚያቃጥለውን ያንን መሥመር ያዕቆብም ያውቀዋል ማለት ነው።

ምእመናን ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ እንበል። ያዕቆብ መጀመሪያ አንክሶ፣ ኋላም ማነከሱን ትቶ አልተባረከም። በረከቱም ማነከሱም በአንድ ንጋት መጡ። በዚያች ጠዋት መንገድ ላይ ያገኘው ሰው እግሩን ብቻ አይቶ ቢፈርድ ኖሮ፣ «ይህ ሰው ተሸንፏል» ባለ ነበር። ስለዚህ የቀረው ሕመም የእግዚአብሔር ምሕረት ለመጉደሉ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ጌታችንም በቤተ ሳይዳ ዕውሩን ሲፈውስ በመጀመሪያ ጊዜ ሰውየው ሰዎችን እንደ ዛፍ አድርጎ አየ፤ ጌታም እጁን ዳግመኛ ጫነበት (ማር. 8፥22-25)። በመካከሉ የነበረችው ያቺ የድንግዝግዝ ጊዜ የፈውሱ ክፍል እንጂ የፈውሱ መክሸፍ አልነበረችም። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ፣ መውጊያው ሳይሆን ጸጋ ተጨመረለት (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። አንዱ ቆይቶ ሙሉ በሙሉ ተፈወሰ፤ ሌላው ከነመውጊያው ኖረ። ሁለቱም በጌታ እጅ ነበሩ።

የሐኪሞችም ትምህርት ከዚህ ጋር አይጣላም። ቀዶ ሕክምናው በነርቩ ላይ የተጫነውን ሸክም ያነሣል፤ ለብዙ ወራት ተጨፍልቆ የቆየው ነርቭ ግን ሸክሙ በተነሣበት ቀን አይድንም። በከባድ ቀንበር የቆሰለ የበሬ ጫንቃ ቀንበሩ ስለ ወረደ ብቻ ያን ጊዜውኑ እንደማይሽር ገበሬው ያውቃል። የተጎዳ የነርቭ ክር እንደገና የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከወገብ እስከ እግር ጣት ያለው ርቀት አንድ ሜትር ገደማ መሆኑን ያሰበ ሰው፣ መዘግየቱ ለምን እንደ ሆነ ይገባዋል። ብዙዎች በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ ሌሎች ወራትን፣ እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠብቃሉ፤ ጥቂት መደንዘዝ ወይም ሕመም የሚቀርባቸውም አሉ። በአገራችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሕክምናው ለገጠሩ ሕዝባችን አዲስ ስለ ሆነ፣ ከእርሱ በኋላ ያለውን ረጅም መንገድ የሚነግር ሽማግሌ በየመንደሩ አለመገኘቱ አያስደንቅም።

ስለዚህ ሕመምተኛው ምን ያድርግ? ሐኪሙ ካልከለከለው በቀር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይራመድ፤ ዛሬ እስከ ደጃፉ፣ ነገ እስከ ጎረቤት አጥር፣ በሌላው ቀን እስከ ቤተ ክርስቲያን። ከመኝታው ሲነሣ በጎኑ ዞሮ፣ በእጁ ተደግፎ ይነሣ እንጂ ወገቡን አይጠምዝዝ። በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ለረጅም ጊዜ አይቀመጥ፤ እንስራና የእህል ስልቻ አያንሣ። በመኪና ሲሄድም ሹፌሩን ለምኖ በየመካከሉ ወርዶ ይንቀሳቀስ። ማስታገሻውን ሐኪሙ እንዳዘዘው ይውሰድ፤ ሕመሙ በረታ ብሎ በራሱ ሥልጣን አይጨምር፤ የነርቭ ሕመም የራሱ መድኃኒት አለውና ሐኪሙን ይጠይቅ። በአዲስ ቁስል ላይ ወጌሻ ወገብን ማሸትና መጫን ብርቱ ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግ። ቤተ ክርስቲያንም በሽተኛን በጾም አታስጨንቅም፤ እንጀራውን በልቶ መድኃኒቱን የሚወስድ ሕመምተኛ ሕግ አላፈረሰም።

ሆኖም ትዕግሥት አንድ ነገር ነው፤ ቸልታም ሌላ ነው። እግር በድንገት ቢዝል፣ ሽንትን ወይም ዓይነ ምድርን መቆጣጠር ቢሳን፣ በጭኖች መካከል ያለው አካል ቢደነዝዝ፣ ትኩሳት ቢነሣ ወይም ከቁስሉ ፈሳሽ ቢወጣ፣ ባት ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥር፣ ያን ጊዜ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ መቀመጥ እምነት አይደለም። ሌሊትም ቢሆን ዘመድ ጎረቤት ተጠራርቶ ሕመምተኛውን ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል።

ወደ ያዕቆብ እንመለስ። ኤሳው ወንድሙን ካገኘው በኋላ አብረው እንዲጓዙ ጠየቀው። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ደካሞች እንደ ሆኑ፣ የሚያጠቡ በጎችና ላሞችም እንዳሉት፣ አንድ ቀን በችኮላ ቢነዷቸው መንጋው ሁሉ እንደሚያልቅ ነግሮ፣ በከብቶቹና በልጆቹ እርምጃ ልክ በዝግታ እንደሚከተል ተናገረ። ሌሊቱን በመታገል ያሳለፈው ሰው በማግሥቱ ቀስ ብሎ መሄድን አላፈረበትም። ወንድሙን ቀድሞ እንዲሄድ ለቀቀው፤ የተሰጠው በረከት ግን አልቀደመውም፣ አብሮት አነከሰ።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋዎች በግ የጠበቀ ሁሉ ይህን ቃል ያለ መምህር ያስተውለዋል። ለኚያ ገበሬ ግን ከሕመሙ ይልቅ የከበዳቸው ሌላ ነገር ነበር። ዕድሜያቸውን ሁሉ በወንፈል የሰው እርሻ ሲያርሱ ኖረው፣ ዛሬ ሌላው የእርሳቸውን ሲያርስ ተኝቶ ማየት እንደ ውርደት ሆነባቸው። እኛም፣ «ሌላውን የረዱት ወድደው ነበርን?» ብለን ጠየቅናቸው። «እንዴታ!» አሉ። «እንግዲያውስ ያንን ደስታ ለጎረቤቶችዎ ለምን ይከለክሏቸዋል?» አልናቸው። ዝም ብለው ቆዩና ልጃቸውን ጠርተው፣ «ወጌሻው እንዳይመጣ ንገረው፤ ለእርሻው የመጡትን ግን እሺ በላቸው» አሉት።

በሸዋ ምድር ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር ድረስ ቆመው እንደ ጸለዩ የማይሰማ ልጅ የለም፤ ጥር 24 ቀንም ይታሰባል። አንዳንድ ሕመምተኞች ይህን እያሰቡ በቅዳሴ ጊዜ መቀመጥን እንደ ኃጢአት ይቆጥሩታል። ነገር ግን ጻድቁ ለእግዚአብሔር ያቀረቡት ፍቅራቸውን ነው፤ ያንን ፍቅር ተቀምጦ የሚጸልይ በሽተኛም ሊያቀርበው ይችላል። ደግሞስ አባቶቻችን በረጅሙ ጸሎት የሚደገፉበትን መቋሚያ ያዘጋጁልን ለምንድን ነው? የሰው እግር እንደሚደክም ስለሚያውቁ አይደለምን?

ር.ሊ.ጳ. ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በዚህ መንገድ አልፈዋል። በተራራ መውጣትና በበረዶ ላይ መንሸራተት የሚታወቁት አባት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1994 ሌሊት ወድቀው የቀኝ ጭናቸው አጥንት ተሰበረ፤ በማግሥቱም በሮም ጀሜሊ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው መራመድ አልተመለሰላቸውም፤ በምርኩዝ እየተደገፉ በዓለም ሁሉ ፊት ቀረቡ። ስለ ሥቃይ ትርጉም ሐዋርያዊ መልእክት የጻፉት ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1984 ነበር፤ በብዕር ያስተማሩትን ኋላ በእግራቸው አስተማሩት።

ያዕቆብም ሲያረጅ በበትሩ ጫፍ ተደግፎ እንደ ሰገደ የዕብራውያን መልእክት ይነግረናል (ዕብ. 11፥21)። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ያነከሰው ሰው በሕይወቱ መጨረሻ ተደግፎ የልጅ ልጆቹን ባረከ።

ያን ገበሬ በቅርቡ አየናቸው። የእግራቸው ትንሽ ጣት ዛሬም ድንዙዝ ነው፤ ብርድ ሲበረታም እግራቸው ያስታውሳቸዋል። የእኛም እንዲሁ ነው። እርሳቸው ግን ምርኩዛቸውን ይዘው ከቀሩት በጎቻቸው ኋላ ይሄዳሉ። «አሁን ከበጎቹ እኩል ነኝ፤ አልቀድማቸውም፣ አይቀድሙኝም» ብለው ሳቁ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቢኖር «ገና አልዳንክም?» አትበሉት። እርምጃችሁን ከእርምጃው ጋር አስተካክሉ፤ ውኃውን ቅዱለት፣ እርሻውን እረሱለት፣ ካህንም ጠርታችሁ ቅዱስ ቁርባንና ቅብዓ ሕሙማን እንዲቀበል እርዱት።

ያዕቆብን በጵኒኤል የባረከ አምላክ የታመሙትን ሁሉ ይባርክ፤ ለሐኪሞች ጥበብን፣ ለሚያስታምሙ ብርታትን፣ በዝግታ ለሚራመዱም ሰላምን ይስጥ። አሜን።