በስንተኛው ዙር ነው የጀመረው?

በጎጃም ደጋ አንዲት ልጅ ከአያቷ ጋር ትኖር ነበር። አያቷ በስፌት የታወቁ ሴት ናቸው። ልጁን የሚድር ሁሉ ሞሰብ የሚያዘው እሳቸው ዘንድ ነው። እሳቸው የሰፉት ሌማት ሃያ ዓመት አገልግሎ እንኳ ጠርዙ አይላላም ይባላል።

ልጅቱ ያደገችው በእሳቸው ጉልበት ሥር ተቀምጣ ነው። ወስፌው አክርማውን ሲበሳ፣ ስንደዶው በቀዳዳው ሲሾልክ፣ እጃቸው ሲያጠብቅና ሲያላላ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይታለች። ስላየችው የምታውቀው መሰላት። መስከረም ጠብቶ ስንደዶው ሲደርስ ከእኩዮቿ ጋር መስክ ወርዳ አንድ እቅፍ ይዛ ተመለሰች። ገሚሱን ቀይና አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነክራ አለላ አደረገችው።

“እምዬ፣ ዘንድሮ የራሴን ሰፌድ እሰፋለሁ” አለቻቸው።

“ስፊ፣ የኔ ልጅ። ግን እምብርቱን ሳላየው ወደ አለላው እንዳትሄጂ።”

አያትዬዋ እምብርት የሚሉት የስፌቱን መነሻ ነው፤ ጥቂት አክርማ በስንደዶ ተጠቅልሎ በራሱ ላይ የሚጠመዘዝበት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ቦታ። ቀለም አይገባበትም፣ ጌጥም የለውም። ሰፌዱ ካለቀ በኋላ ማንም ልብ አይለውም። የልጅቱ ልብ ደግሞ ቀለሙ ላይ ነበር።

እምብርቱን ጠመዘዘች። አንደኛውን ዙር ዞረች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ስትደርስ ጓደኞቿ ከደጅ ጠሯት። ቸኮለች። ሰፌድ እየሰፋ ሲሄድ የስፌቱም ቁጥር አብሮ መጨመር አለበት፤ ዙሩ ሰፍቶ ስፌቱ ካልጨመረ አክርማው ይሳባል፣ ሰፌዱም መሬት ላይ መተኛቱን ትቶ መሐሉ እንደ ቆብ ወደ ላይ ይነሳል። ልጅቱ በዚያ ዙር ስፌት ሳትጨምር፣ ጎትታ ጎትታ ዘጋችውና ወጣች። ለአያቷም አላሳየችም።

ዐሥረኛው ዙር ላይ መሐሉ ትንሽ ከፍ ማለቱን አየች። “ቀለም ሲገባበት አይታወቅም” ብላ ቀዩን አለላ ጀመረች። እውነትም አማረ። ጎረቤት ሲገባ “አያቷን ወጣች!” ይላት ጀመር። ሃያኛው ላይ መሐሉ ይበልጥ ተነሳ። ይህን ላስተካክል ብላ ቀጣዮቹን ዙሮች አላላቻቸው። አሁን ደግሞ ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ተጥመለመለ። አንድ የነበረው ጉድለት ሁለት ሆነ። ሠላሳኛውን ዙር ስትዘጋ የምታደርገው ጠፋትና ሰፌዱን ይዛ ወደ አያቷ ሄደች።

አያትዬዋ አላመሰገኗትም፣ አልተቆጧትምም። ሰፌዱን ደልዳላ መሬት ላይ አስቀመጡና አንድ እፍኝ ገብስ መሐሉ ላይ ጣል አደረጉ። ገብሱ አልቆመም፤ ተንሸራቶ ጠርዝ ጠርዙን ያዘ። ከዚያ ጠርዙን በአንድ ጣታቸው ጫን አሉት። ሰፌዱ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ።

“በስንተኛው ዙር ነው የጀመረው?” አሏት።

“ጠርዙ ላይ ነው እምዬ። ሠላሳኛው ላይ ነው የተጣመመው።”

“ሠላሳኛው ላይ የታየው ነው። የጀመረውስ?”

ልጅቱ ዝም አለች። አያቷ እጇን ይዘው ጣቷን እምብርቱ ላይ አሳረፉላት። “ዓይንሽን ጨፍኚ። በጣትሽ ፈልጊው።” ጣቷ ከመሐል ወደ ውጭ ቀስ እያለ ተጓዘ። አንደኛው ዙር ለጥ ያለ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ጣቷ እንደ ዳገት ወጣ።

“አራተኛው” አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ።

“በይ ተርትሪው።”

ልጅቱ አለቀሰች። “ሃያ ሰባት ዙር እኮ ነው እምዬ! ውኃ ነክሬ ድንጋይ ብጭንበትስ?”

“ጫኚበት” አሏት። ሰፌዱን አርጥባ ሌሊቱን ሙሉ መጅ ጭናበት አደረች። ጠዋት መጁን ስታነሳው ሰፌዱ ለጥ ብሏል። ደስ አላት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አግኝቶት ሲደርቅ ግን መሐሉ ተመልሶ ተነሳ።

ያን ጊዜ መተርተር ጀመረች። ሰው እንዳያያት ከጓሮ፣ ከግንቡ ጥግ ተቀመጠች። አያቷ ፈልገው አገኟት፤ ምንም ሳይሉ እጇን ይዘው ወደ ደጃፉ አመጧት። ከዚያ የራሳቸውን የተጀመረ ሞሰብ አውጥተው አጠገቧ ተቀመጡና፣ መንገደኛ ሁሉ እያያቸው፣ መተርተር ጀመሩ።

“እምዬ! እርስዎም?”

“ትናንት ማታ ዓይኔ ደክሞ ሁለት ዙር አበላሽቻለሁ። ምን ይደንቃል?”

ልጅቱ እስከ አራተኛው ዙር ድረስ ተረተረች። የተረተረውን አክርማ ውኃ ስትነክረው ለሰለሰላት። እንደገና ስትሰፋ አንድ ነገር አስገረማት፤ ሁለት ወር የፈጀባት ሥራ በሦስት ሳምንት ሠላሳኛው ዙር ደረሰ።

“እንዴት እንዲህ ፈጠነ?” ብላ ጠየቀች።

“የተረተርሽው ስፌቱን እንጂ እጅሽን አይደለማ” አሏት አያቷ።

በመጨረሻው ቀን ሰፌዱን እያገላበጠች ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። “እምዬ፣ እኔ አንድም ቦታ ላይ ክብ ነገር አልሰፋሁም። ታዲያ ክብ የሆነው መቼ ነው?”

አያትዬዋ ሳቁ። “ሃምሳ ዓመት ስሰፋ እኔም ክብ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም። እያንዳንዱን እዪው፤ ቀጥ ያለ ነው። ስድስት ሆኖ ሲጀመር ማዕዘኑ በዓይን ይቆጠራል። እያሳጠርሽ፣ እያበዛሽ፣ እያጠጋጋሽው ስትሄጂ ግን ማዕዘኑ ይጠፋል፣ ክቡ ይመጣል።” ይህን ብለው አንድ እፍኝ ገብስ ሰፌዱ መሐል ጣሉ። ገብሱ ባለበት ቆመ።

ምሳሌው ይኸው ነው። የጻፍኩትም የመጀመሪያውን የካልኩለስ ኮርስ ለሚወስዱ ተማሪዎች ነው።

የአያትዬዋ የመጨረሻ መልስ የካልኩለስ መሠረተ ሐሳብ ነው። አርኪሜደስ የክብን ዙሪያ የለካው በዚሁ መንገድ ነበር። ክቡን ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ከውስጥና ከውጭ አስያዘው፤ ጎኖቹን በእጥፍ እያበዛ 12፣ 24፣ 48፣ በመጨረሻም 96 አደረሳቸው። በቀጥታ መስመር ብቻ ወደ ክቡ ተጠጋ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰሌዳው ላይ “ሊሚት” ተብሎ የሚጻፈው የዚህ መጠጋት ስም ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ከሰው አእምሮ በላይ አይደለም፤ ስፌት የሚያውቅ እጅ ሁሉ ይዳስሰዋል።

ታዲያ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ለምንድን ነው? በአራተኛው ዙር ምክንያት ነው። አንድ ቦታ ቀረብ ብለን እንየው። የአንድን ቁጥር ስኩዌር የሚያሳየው ግራፍ 3 ላይ ምን ያህል ዳገት ነው? ከ3 ትንሽ አለፍ ብለን እንለካ። 3.1 በራሱ ሲባዛ 9.61 ነው። ከ9 በ0.61 ጨመረ፤ ይህን ለ0.1 ስናካፍለው 6.1 ይሆናል። 3.01 ላይ 6.01፣ 3.001 ላይ 6.001 እናገኛለን። ወደ 6 እየተጠጋ ነው። ደሪቬቲቩ፣ ማለትም የዳገቱ መጠን፣ 6 ነው፤ የቁጥሩ የራሱ እጥፍ።

አሁን ደግሞ ከታች ክፍል ጀምሮ “የሁለት ቁጥሮች ድምር ስኩዌር የየስኩዌራቸው ድምር ነው” እያለ የመጣውን ተማሪ እንመልከት። 3 እና 4 ተደምረው በራሳቸው ሲባዙ 49 ነው፤ ለየብቻ ስኩዌር ተደርገው ሲደመሩ ግን 25። መካከል ላይ የሚገባውን የሁለቱን ብዜት እጥፍ፣ ማለትም 24ን፣ ጥሎታል። ይህ ተማሪ 3.1ን 3 ሲደመር 0.1 ብሎ ሲያባዛ 9.01 ያገኛል። ጭማሪውን 0.01 ለ0.1 ሲያካፍል 0.1 ይወጣለታል፤ ይበልጥ ሲጠጋ 0.01፣ ከዚያ 0.001። ስለዚህ ዳገቱ ዜሮ ነው ብሎ ይጽፋል። ሽቅብ የሚወጣውን ግራፍ ሜዳ አደረገው። የጣለው መካከለኛ ቁጥር 0.6 ነበር፤ ለ0.1 ሲካፈል 6። ከዓመታት በፊት የጣለው ቁጥር መልሱ ራሱ ነበር።

ይህ ተማሪ የሚድ ፈተናው ሲመለስለት “ደሪቬቲቭ አይገባኝም” ይላል። ደሪቬቲቩ ገብቶታል፤ መጠጋቱንም፣ ማካፈሉንም በትክክል ሠርቷል። ጉድለቱ የታየው ሠላሳኛው ዙር ላይ ነው፤ የጀመረው አራተኛው ላይ ነው። ይህን የሚነግረው ሰው ካላገኘ ቀመር መሸምደድ ይጀምራል። ሽምደዳ ደግሞ መጅ መጫን ነው። ለፈተናው ሌሊት ለጥ ያደርጋል፤ በቀጣዩ ሴሚስተር ፀሐይ ሲነካው ተመልሶ ይነሳል። አስተማሪው የሠራውን ወይም የጓደኛን ወረቀት እያዩ “ገባኝ” ማለትም በአያት ጉልበት ሥር ተቀምጦ ስፌት ማየት ነው። ወስፌውን ራስ ካልያዙት እጅ አይማርም።

ወደ ኋላ መመለስ ያሳፍራል የሚል ካለ የሂሳብን ታሪክ ይመልከት። ኒውተን ካልኩለስን የደረሰበት በ1660ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ላይብኒዝ የመጀመሪያ የካልኩለስ ጽሑፉን ያሳተመው በ1684 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ ሠሩበት፤ ከእነሱ በኋላ የመጡትም ብዙ ዙር ዞሩ። እምብርቱ ግን ላልቶ ነበር። “ወደ ዜሮ የሚጠጋ” ሲባል በትክክል ምን ማለት እንደሆነ ገና አልጠራም። ፈረንሳዊው ኮሺ በ1821 ለተማሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ ወደ መነሻው ተመልሶ ሁሉን በሊሚት ላይ አቆመ፤ ከእሱ በኋላ ጀርመናዊው ዋየርስትራስ ይበልጥ አጠበቀው። ከ1684 እስከ 1821 ድረስ 137 ዓመት ነው። የዓለም ታላላቅ ሊቃውንት ከ137 ዓመት በኋላ ወደ እምብርቱ ከተመለሱ፣ የአንድ ሴሚስተር ተማሪ ከአምስት ሳምንት በኋላ ቢመለስ ምን ያሳፍረዋል?

ለምታስተምሩ አንድ ቃል አለኝ፤ ሰሌዳው ላይ ስትሳሳቱ ቶሎ አጥፍታችሁ አትለፉት። ተማሪው እያያችሁ ስህተቱ የጀመረበትን መስመር ፈልጉ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የተረተሩት አያት ያን ቀን ከሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት ሰጥተዋል።

ለእናንተ ለተማሪዎቹም ይህን እላለሁ። የሚድ ወረቀታችሁ ሲመለስ ውጤቱን አይታችሁ አትጣሉት። እያንዳንዱን የተሳሳተ መልስ ከላይኛው መስመር ጀምራችሁ በጣታችሁ ዳስሱት፤ ጣታችሁ ዳገት የወጣበትን መስመር አክብቡት። የክፍልፋይ ከሆነ ክፍልፋይን፣ የፋክተር ከሆነ ፋክተርን፣ የኤክስፖነንት ከሆነ ኤክስፖነንትን ከሥር ጀምራችሁ ሥሩት። ለዚህም የዘጠነኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ ከታናሽ ወንድም ወይም እህት ተዋሱና ዶርማችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ ከካልኩለሱ መጽሐፍ ጎን አስቀምጡት። እጃችሁ አልተተረተረም፤ ቶሎ ትደርሳላችሁ።