ለማን ብለን?

መቼም ልጅ ይዞ አገር የሚቀይር ሰው መልስ አያጣም፤ «ለልጄ ብዬ ነው» ይላል። አንድ ወዳጄም የአራት ዓመት ልጁን ይዞ ከለንደን ወደ ጎዞ ሊገባ ነው። ጎዞ የማልታ ደሴት ናት፤ ስፋቷ 67 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ስምንት እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች። ፀሐይ አለ፣ ባሕር አለ፣ ጸጥታ አለ።

ለመሆኑ ልጅቱን ማን ጠየቃት? ማንም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይሄ አይደለም። ለንደን ስትወለድስ መች ተጠየቀች? ወላጅ ይወስናል፤ ሥራው ነው።

የሚያሳስበኝ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ነው። ልጅቱ ከእኩዮቿ ጋር በማልትኛ መጫወቷ አይቀርም። ቋንቋው ሴማዊ ነው፤ ዓይንንና ራስን እንደኛው «ዓይን»፣ «ራስ» ይላል። አባቷ ግን እንግሊዝኛ ይበቃዋል፤ እሱም እዚያ የመንግሥት ቋንቋ ነውና። እሷ ሥር ትሰዳለች፣ እሱ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። አንድ ቀን ደሴቷ ትጠበውና «በቃ እንሂድ» ይላል። አልሄድም ስትለው «ለማን ብዬ መጣሁና!» ሊላት ነው።

ፀሐዩን የፈለገው እሱ ከሆነ ከአሁኑ ይንገራት፤ «ለራሴ ብዬ ነው፣ አንቺንም ይዤሽ መጣሁ» ይበላት። ልጅ ያልተበደረችውን ዕዳ መክፈል የለባትም።