ስለ ሐሩርና ስለ ቁር

ከሚሌ ቆላ ተነሥቶ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ፥ ከደሴም ወደ ሐይቅ ከተማ የሚወጣ መንገደኛ፥ በጉዞው መካከል የመኪናው ኤሲ ትኩስ ነፋስ መንፋት በጀመረ ጊዜ አስቀድሞ ከአፉ የሚወጣው ቃል «ጋዙ አልቋል» የሚል ነው። ነገሩ የጋራዥ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሊቃውንት ብዙ ዘመን ያሰቡበት የሥነ ፍጥረት ጥያቄ በውስጡ አለ። ቅዝቃዜ እንደ እንስራ ውሃ ተቀድቶ የሚያልቅ፥ የራሱ ሀልዎ ያለው ነገር ነውን? ወይስ ሙቀት የራቀበት ስፍራ ስም ብቻ ነው?

የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ስለ አራቱ ባሕርያት ሲያስተምሩ ለእሳትና ለነፋስ ውዕየትን፥ ለውሃና ለመሬት ቆሪርነትን ይሰጣሉ፤ በዚህም ቁር ከሐሩር ጋር እኩል ሆኖ የሚቆጠር ጠባይ ይሆናል። ቅዱስ ባስልዮስ ግን ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ባስተማረው ትምህርት፥ ጨለማ ብርሃን የጎደለው አየር የሚገኝበት ሁኔታ እንጂ በራሱ የቆመ ባሕርይ እንዳልሆነ፥ ክፋትም እንዲሁ ከበጎነት የራቀች ነፍስ ጠባይ እንጂ ሕያው አካል እንዳልሆነ ገልጧል። እኔ ቁርን ከጨለማ ጋር እቆጥረዋለሁ፤ ለዚህም ምስክር አድርጌ የምጠራው ያንኑ የተበላሸውን ኤሲ ነው።

በመኪናው ውስጥ ቅዝቃዜን የሚሠራ አንድም ዕቃ የለምና። ከዳሽቦርዱ በስተኋላ ባለው ጠምዛዛ ቧንቧ ፈሳሹ ጋዝ እየተነነ የጓዳውን ሙቀት ይወስዳል፤ ሞተሩ በቺንጊያ የሚያዞረው ኮምፕረሰር ትነቱን አምቆ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት የተቀመጠው ኮንደንሰርም የተሸከመውን ሙቀት ለውጭ አየር አስረክቦ እንደገና ፈሳሽ ያደርገዋል። ስለዚህ ትኩስ ነፋስ ሲነፋ የጠፋው ቅዝቃዜው ሳይሆን የሙቀቱ ተሸካሚ ነው። ቺንጊያው ላልቶ ወይም የኮምፕረሰሩ ክላች አልይዝ ብሎ ይሆናል፤ ወይም የማሞቂያው በር ተከፍቶ ቀርቶ ይሆናል። መኪናው ሲሮጥ እየቀዘቀዘ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ የቆላው አቧራ ኮንደንሰሩን ደፍኖታል፥ ወይም ፋኑ ቆሟል። ጋዙም ቢሆን በጤነኛ ቧንቧ ውስጥ ሲዞር የሚኖር እንጂ እንደ ቤንዚን የሚነድ አይደለምና ጎድሎ ከተገኘ በአንድ ቦታ ሾልኮ ወጥቷል። ብልህ መካኒክ እንግዲህ «ስንት ልሙላ?» ከማለቱ በፊት የቧንቧውን መጋጠሚያዎች በጣቱ ይዳስሳል፤ ጋዙ ሲያመልጥ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ በቀዳዳው ዙሪያ አቧራ የጠጣ ቅባት ይገኛል፤ የሳሙና አረፋ ሲቀባበትም በዚያች ስፍራ አረፋው እያበጠ ይፈነዳል።

ይህ ሕግ ከሐይቅ ከተማ ሳይርቅ በሚገኘው በአርዲቦ ሐይቅም ይሠራል። ከቀትር በኋላ በሐይቁ ዳር የሚቆም ሰው ከውሃው በኩል የሚመጣው ነፋስ ደረቱን ሲያሳርፈው፥ ከሐይቁ ገጽ እየተነነ የሚወጣው ውሃ ሙቀትን ይዞ በመሄዱ ነው። አርዲቦ ትርፉን በወንዝ ዝቅ ወዳለው ወደ ሐይቅ ሎጎ ያወርዳል፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ደቀ መዛሙርትን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ያ ታላቅ ውሃ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውምና የተቀበለውን አብዛኛውን ለሰማይ ይሰጣል። በዚህ ላይ አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ ኤሲው የተበላሸበት ሹፌር አርዲቦ ሲደርስ መስኮቱን ከፍቶ ጥፋቱን ይረሳል፤ ደጋው ሸፈነለት እንጂ አልጠገነለትም።

በእነዚህ ሐይቆች ዙሪያ የሚኖሩት ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ስለ እሳትና ስለ ዕፎይታ የሚተርኩት ታሪክ እጅግ ይቀራረባል። ክርስቲያኑ ታኅሣሥ 19 ቀን መልአኩ ለሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን እቶን መካከል ጠል ያዘለ ነፋስ እንዳነፈሰላቸው ያስባል፤ ሙስሊሙም እሳቱ ለነቢዩ ኢብራሂም ቅዝቃዜና ሰላም እንዲሆን በአላህ መታዘዙን ከቁርኣን ይማራል፤ የቁርኣን ተንታኞች የሆኑት ሙፈሲሮችም ሰላም የሚለው ቃል ባይጨመር ኖሮ ብርዱ ራሱ በጎዳው ነበር ይላሉ። የባቢሎኑን ነገር ሳስብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ እሳቱ አለመጥፋቱ ነው። ነበልባሉ ጠባዩን ሳይለቅ ወደ እቶኑ የጣሏቸውን ሰዎች አቃጠለ፤ በውስጡ ላሉት ግን ዕፎይታ ሆነ፤ የእነርሱም ማረፍ በአንድ ንጹሕ ሰው ላይ ሸክም አልጨመረም።

የሰው ጥበብ እዚህ ላይ ከመልአኩ ሥራ ይለያል። የእኛ ማሽን ከእኛ ያነሣውን ሙቀት፥ የራሱንም ድካም ጨምሮ፥ በሌላ ስፍራ ያራግፈዋል። በባቲ የሰኞ ገበያ ዳር ሞተሩን ሳያጠፋ ኤሲ ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው፥ ከመኪናው አጠገብ እህል ዘርግታ በተቀመጠች እናት ላይ የራሱን ሐሩር እያወረደ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። ቀዳዳውን ሳያስደፍን በየጊዜው ጋዝ የሚያስሞላም ሸክሙን የሚጥለው ሁሉ በሚጋራው ሰማይ ላይ ነው፤ የቀድሞው አር-12 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ንብርብር በመጉዳቱ በመስከረም 1980 ዓ.ም. በሞንትሪያል ውል ተደርጎ እንዲቀነስ፥ ኋላም ፈጽሞ እንዲቀር ተወሰነ፤ በእርሱ ፈንታ የገባው አር-134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም ሙቀትን በማቆር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይበረታል።

ይህን ስል ኤሲ ቅምጥልነት ነው፥ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ በሚሌ ሐሩር ሕመምተኛ ወይም ሕፃን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ሕይወትን መጠበቂያ ነውና። የምጠይቀው መካኒኩ የቀረውን ጋዝ ወደ አየር ሳይለቅ በዕቃ እንዲሰበስበው፥ ያረጀውን ጎሚኒ ለውጦ በቧንቧው የቀረውን አየርና እርጥበት በፓምፕ እንዲያወጣ፥ ከዚያም በኋላ አምራቹ የወሰነውን ልክ በሚዛን እንዲሞላ ነው፤ ባለመኪናውም ለዚህ ሥራ የሚጠየቀውን ዋጋ ከሙሌት ብቻ ቢበልጥበትም እንዲከፍል ነው።