መንገደኛና ምልክቱ

እግዚአብሔር ሰውን ፈጥሮ በምድር ላይ ሲያኖረው ያለ ምልክት አልተወውም። ፀሐይን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን ለቀንና ለሌሊት፣ ለዘመንም መለያ አድርጎ እንደ ሰጠው ከኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ እንማራለን። ስለዚህ ሰማይን አይቶ፣ ተራራን ለይቶ መንገድን ማወቅ ከፈጣሪ የተቀበልነው ሀብት እንጂ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም።

አባቶቻችን በዚህ ሀብት እንዴት እንደ ተጠቀሙበት ለመረዳት የላስታን ደጋ መመልከት ይበቃል። የጌታችንን ልደት በላሊበላ ለማክበር ከሚጓዙት ምእመናን ብዙዎቹ ዛሬ በመኪና ቢመጡም፣ ስንቁን አንግቶ ቀናትንና ሳምንታትን በእግሩ የሚጓዘው ተሳላሚ አልጠፋም። ከሰቆጣ የተነሣው ወደ ደቡብ ስለሚሄድ የጠዋቱን ፀሐይ በግራው፣ የማታውን በቀኙ ያደርጋል። ከወልድያ የተነሣው ግን ጠዋት ፀሐይን በጀርባው ያዝላል፣ ማታ ፊት ለፊት ይገጥማታል። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ለሁሉም ምልክት ነው።

ይሁን እንጂ ምልክትን ማየት ብቻ አይበቃም፤ የምልክቱንም ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት የምሥራቅ መስኮቶች፣ የምትገባባቸውም ስድስት የምዕራብ መስኮቶች እንዳሉ ያስተምራል። በላስታም የሚታየው ይህንኑ የሚያስረዳ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ፀሐይ ከትክክለኛው ምሥራቅ 23 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብላ ትወጣለች፤ የቀትርም ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰኔና በሐምሌ ግን ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ የቀትሩ ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል። በበጋ የተማረውን በክረምት ሳይመረምር የሚከተል መንገደኛ፣ ጥላው ሳይዋሽ እርሱ ይስታል።

ውኃም እንዲሁ ነው። በላሊበላ ዙሪያ የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ተከዜ ይገባሉ፤ ጭጋግ የያዘው ሰው ጅረቱን ቢከተል ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል። ነገር ግን ውኃ ለራሱ የሚወርድበትን ገደል እንጂ ሰው የሚሻገርበትን መልካ አያሳይም። ቁልቁለት ስለ ሆነ ብቻ የሚያደርስ መንገድ አይደለም። ፈቃደ ሥጋም ሰውን የሚመራው እንዲሁ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያስደንቀው የመድረሻው ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን እንደ ልማዷ በኮረብታ ላይ በዛፎች ተከባ ከሩቅ ትታያለች። የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ግን ከዚህ ይለያል። ቤተ ጊዮርጊስ ከአለቱ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ተፈልፍሎ ጣራው ከምድሩ ገጽ ጋር ተካክሏል፤ ከአፋፉ እስኪደርሱ ድረስ አይታይም። ስለዚህ ፀሐይና ተራራ ወደ አገሩ ቢያቀርቡትም፣ መንገደኛው በመጨረሻ ጠይቆ መድረስ አለበት። ከገባም በኋላ መቅደሱ ወደ ምሥራቅ መሆኑን አይቶ ፊቱን መልሶ ወደ ምሥራቅ ይጸልያል፤ መንገዱን ሁሉ በፀሐይ ሲለካ የመጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ከሌላው ይልቅ ያውቀዋል።

ዛሬ የእጅ ስልክ መንገድን ይነግራል። መሣሪያው መልካም ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት በላሊበላ ስልክና መብራት በተቋረጠ ጊዜ፣ ፀሐይ መውጣቷን አልተወችም፤ የአቡነ ዮሴፍም ተራራ ከስፍራው አልተነቃነቀም። በእነዚህ መሄድ የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ነበረ። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናትም፣ የለንደንን መንገዶች በቃላቸው አጥንተው የሚነዱ ባለታክሲዎች ስፍራን ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎላቸው ክፍል በኋለኛው ጎኑ ከሌሎች ሰዎች ይልቅ ሰፍቶ መገኘቱን ገልጿል። ዳዊቱንና ዜማውን በቃሉ የሚያጠና የአብነት ተማሪ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። በልብ የተያዘ ትምህርት ባለቤቱን ያንጻል፤ ከውጭ ብቻ የሚጠየቅ ግን ጠያቂውን እንደ ነበረ ይተወዋል።

እንግዲህ ሰብአ ሰገልን እናስብ። ኮከቡ ከምሥራቅ አንሥቶ እስከ ኢየሩሳሌም አደረሳቸው፤ እነርሱ ግን ኮከብ አለን ብለው ከመጠየቅ አልታበዩም። ጻፎችና የካህናት አለቆች መጽሐፍ ገልጠው የነቢዩን ቃል መሠረት በማድረግ ቤተ ልሔምን አመለከቱ። መልሳቸው አልተሳሳተም። ሆኖም ከእነርሱ አንድ እንኳ ተነሥቶ ከእንግዶቹ ጋር እንደ ሄደ ወንጌሉ አይነግረንም። መንገዱን ያላወቁት ደረሱ፤ መንገዱን ያወቁት ቀሩ።

ይህ ቃል የሚነካው አስቀድሞ እኛን፣ በመቅደስ የምናገለግለውንና በጉባኤ የምናስተምረውን ነው። ጾሙን እናውጃለን፤ ንስሐን እንሰብካለን፤ ወጣቱንም ወዲያ ሂድ ብለን በጣታችን እናመለክተዋለን። የላስታ ገበሬ ግን የመሸበትን ተሳላሚ በጣቱ ብቻ አያሰናብተውም። ቤቱ አስገብቶ እግሩን ያጥበዋል፤ ሲነጋም እስከ ማቋረጫው ድረስ አብሮት ይሄዳል። ወጣቶቻችን ስልካቸውን ብቻ የሚጠይቁት አብሯቸው የሚሄድ አባት አጥተው እንዳይሆን ልንመረምር ይገባናል።

ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ምሥራቁን ከምዕራቡ፣ የደብሩን ተራራ ከጎረቤቱ ተራራ ለይተው እንዲያውቁ ያስተምሩ። ካህናትም ምእመናንን ከማመልከት አልፈው ፊት ፊት ይሂዱ። መንገድም እውነትም ሕይወትም የሆነ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሁላችንንም ሳንስት ወደ መንግሥቱ ያድርሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።