በጾም ውስጥ የሚውል በዓል እንዴት ይከበራል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ እስቲ መጋቢት ወር ላይ ተመልከቱት። በ5 ጻድቁ አባታችን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ያረፉበት ነው። በ10 ንግሥት እሌኒ ያስቆፈረችው የጌታችን መስቀል የተገኘበት ነው። በ27 መድኃኔ ዓለም ስለ እኛ የተሰቀለበት፣ በ29 ደግሞ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሠረበትና አምላክ በማኅፀኗ ያደረበት ቀን ነው። ጥንተ ትንሣኤውም በዚሁ በ29 ይታሰባል። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር መጋቢት 26 ዘመነ ጸደይ ይገባልና ሁለቱ ታላላቅ ቀኖች የሚውሉት በጸደይ መግቢያ ላይ ነው።

ታዲያ ልብ በሉ፤ እልልታው የሚደምቀው በመጋቢት አይደለም። የአቡዬ በዓል ጥቅምት 5፣ የመድኃኔ ዓለም ጥቅምት 27 በድምቀት ይከበራል። ብሥራቱ ታኅሣሥ 22 ይውላል፤ ይህንንም በተአምረ ማርያም እንደምንሰማው እመቤታችንን የሚወድ ኤጲስ ቆጶስ ደቅስዮስ ያከበረው ነው። መስቀልንም በደመራ የምናከብረው ቁፋሮው በተጀመረበት በመስከረም ነው።

ለምን? ዐቢይ ጾም ቶሎ ሲገባ የካቲት 1፣ ሲዘገይ መጋቢት 5 ይገባል። 55 ቀን ስለሆነ የመጋቢት በዓላት ከጥቂት ዓመታት በቀር ሁሉም ጾሙ ውስጥ ይወድቃሉ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሎዶቅያ የተሰበሰቡ አባቶችም በዐቢይ ጾም የሰማዕታት በዓል በአዘቦት ቀን እንዳይከበር፣ መታሰቢያቸው በቅዳሜና በእሑድ እንዲሆን ወስነው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጾም ከጌታ ሥጋዌ ይበልጣል ማለት ነው? አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን አልሰረዘችውም፤ በመጋቢት 29 ዛሬም ይታሰባል። ያዛወረችው ድግሱንና ጭፈራውን ነው። ደስታ የእግዚአብሔር ስጦታ ቢሆንም ቀጠሮ ይቀበላል፤ ቢቆይም አይበላሽም። እንዲያውም መታገሥን የማያውቅ ደስታ ሆድን መሙላት እንጂ ደስታ አይባልም።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? አንዳንዶቻችን «ዛሬ እኮ በዓል ነው፣ ምን ችግር አለው» እንልና ማኅበሩን ከጠዋት እንጀምራለን። ወጡ የጾም ነው፤ ዓይነቱ ግን ሰባት ነው። ጠላው ሲደጋገም ዳዊቱ ይረሳል። ሥጋና ቅቤ ስላልገባበት ብቻ ጾምን ማለት ራስን ማታለል ነው። ሌሎቻችን ደግሞ በተቃራኒው ፊታችንን አጥቁረን፣ ጎረቤት «ዝክር ቅመሱልኝ» ስትል እንኳ በቁጣ እንመልሳታለን። ጌታ ግን የሚጾም ሰው ፊቱን እንዲታጠብ እንጂ እንዲያጠወልግ አላዘዘም። ሰዓቱ ካልደረሰ «እማማ፣ ያቆዩልኝ፣ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ» ማለት ይቻላል እኮ! ጾሙም አይፈርስም፣ ሰውም አይከፋም።

«ለአቡዬ ተስያለሁ፣ ዝክሬን እንዴት ልተው?» የሚል ይኖራል። አትተወው፤ ግን ዝክር ለማን እንደሆነ አስብ። ዘመድና ወዳጅ ጠግቦ እንዲሄድ ነው ወይስ በጻድቁ ስም ድሃ እንዲበላ? ለድሃ ከሆነ ዳቦና ንፍሮ ይበቃል፤ ቀሪው ገንዘብ የአንድ ችግረኛ የወር ቀለብ ይሆናል። ንስሐ አባትህን አማክር፤ ስእለትህን ከጾሙ ጋር የሚያስማማልህ እርሳቸው ናቸው።

ወገኖቼ፣ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በዓል ከመጋቢት ወደ ጥቅምት ይዛወራል፤ የድሃ ረሃብ ግን ወደ ጥቅምት አይዛወርም። የሠራተኛ ደመወዝ፣ የተበደርነው ብር፣ የታመመ ጎረቤት፣ እነዚህ ቀጠሮ አይቀበሉም። ቤተ ክርስቲያን ድግሱን አቆይታ ግዴታውን ዛሬ ታደርጋለች። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ገልብጠነው፣ ድግሱን ዛሬ አድርገን ግዴታውን እናቆያለን። የተጣላነውን ሰው «ለፋሲካ እንታረቃለን» እንላለን። እስከ ፋሲካ ለመኖራችን ማን ዋስ ሆነን? ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የነቀፈው ይህንኑ ጾም ነው፤ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ እየጾመ ሠራተኛውን የሚያስጨንቅበትን ጾም። እመቤቲቱ በዓል ናት ብላ ነጠላዋን ለብሳ ስትሄድ፣ የቤት ሠራተኛዋ ግን ከንጋት ጀምራ የእንግዳውን ሽሮና እንጀራ ስትጋግር ከዋለች፣ በዓሉን ያከበረው ማን ነው?

በአንጻሩ በዓረብ ሀገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን በመጋቢት 27 ከሥራ መውጣት አይፈቀድላትም፤ ወጥታም ቤተ ክርስቲያን አታገኝ ይሆናል። አንቺ እኅቴ፣ አትዘኚ። ቤተ ክርስቲያን ራሷ የጌታዋን በዓል እስከ ጥቅምት አቆይታለችና የአንቺም በዓል አልጠፋም። ወጥ ቤት ቆመሽ ያደረስሽው አቡነ ዘበሰማያት ዛሬውኑ ይሰማል።

እንግዲህ በዚህ መጋቢት እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንያዝ። ለበዓሉ ልናወጣ ካሰብነው ላይ ቀንሰን ለተራበ እንስጥ፤ ያለብንን ዕዳ እንክፈል፤ የተቀየምነውንም ሰው ፋሲካን ሳንጠብቅ ዛሬ ማታ ቤቱ ሄደን እናንኳኳ። ያን ጊዜ ጥቅምት ሲደርስ እልልታችን ከልብ ይሆናል።

የመስቀሉ ባለቤት መድኃኔ ዓለም ጾማችንን ይቀበልልን፤ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።