በኬልቄዶን ስለ ተለያየንበት ቃል

እኛና የግሪክ፥ የሩስያም ኦርቶዶክሳውያን ጸሎተ ሃይማኖትን አንድ ሆነን እንጸልያለን፤ በኤፌሶን በ431 የተወገዘውን ንስጥሮስንም በአንድነት እናወግዛለን (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን)። የተለያየነው በ451 በተደረገው በኬልቄዶን ጉባኤ ነው። እነርሱ ከተዋሕዶ በኋላ «ሁለት ባሕርይ» ሲሉ፥ እኛ ቅዱስ ቄርሎስን ተከትለን ያለ ውላጤና ያለ ቱስሕት በተዋሕዶ አንድ ባሕርይ እንላለን። አውጣኪን እያወገዝን ሳለን የአውጣኪ ልጆች መባላችን እጅግ የሚያሳዝን ነው። እኛም በዐውደ ምሕረት ላይ እነርሱን ንስጥሮሳውያን ብለን ብንሰድብ ያው በደል ይሆንብናል። በ1990 በስዊስ አገር በሻምቤዚ የተሰበሰቡት የሁለቱ ወገን ሊቃውንት፥ ስለ ክርስቶስ ያለችው እምነት በቃል ብትለያይም በምሥጢር አንዲት ናት ሲሉ ተስማሙ። ነገር ግን ስምምነቱ በሁሉም ዘንድ ስላልጸና፥ ዛሬም ከአንድ ጽዋ አንቈርብም።