ፈቃድ የሌለው በደል

ራስን የማጥቃት ሕመሞች፣ ማለትም ሰውነትን ከተሕዋስያን እንዲጠብቁ የተፈጠሩ ነጭ የደም ሕዋሳት መገጣጠሚያን፣ ቆሽትን ወይም ልብን እንደ ባዕድ ቆጥረው የሚያጠቁባቸው ደዌዎች፣ ከሐኪሙ አልፈው ለሃይማኖት ሊቃውንትም የሚተርፍ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ጠባቂው ራሱ ሲያጠፋ በደሉ የማን ነው? በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የጠየቁት ይህንኑ የሚመስል ነበር፤ እነርሱ ከሰውየውና ከወላጆቹ አንዱን ኃጢአተኛ ለማድረግ ሲሹ መልሱ ሁለቱንም ነፃ አወጣ። ያም ሆኖ ልጇ የታመመባት እናት ዛሬም አስቀድማ የምትመረምረው የገዛ ሕሊናዋን ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበው ማስረጃ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ሕዝቡ ቶንሲል የሚለውን የጉሮሮ ሕመም ከሚያመጡት ተሕዋስያን አንዱ የሆነው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በሽፋኑ ላይ ያሉት አንዳንድ ፕሮቲኖች በሰው ልብ ውስጥ ካሉት ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ሰውነት እርሱን ለማጥፋት ያመረታቸው ፀረ እንግዳ አካላትና ለዚሁ የነቁት ቲ ሴሎች የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ልብን፣ በተለይም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉትን ቫልቮች ያጠቃሉ። ይህን ክህደት ማለት የተለመደ ቢሆንም ስሕተት ነው፤ ሕዋሱ የሚፈልገውን ምልክት ፈልጎ አግኝቷል፣ የጎደለውም ታማኝነት ሳይሆን መለየት ነው። ይሁንና ባክቴሪያው የያዘው ልጅ ሁሉ ልቡን አይታመምም፤ በዚህ መስክ ለዶክትሬት የሚሠራ ተመራማሪ ዓመታቱን የሚያሳልፈው አንዱ ልጅ ተርፎ ሌላው ለምን እንደተጎዳ በሕዋስ ደረጃ በመመርመር ነው።

ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ሰውነት ራሱን መመረዝን እንደሚፈራ ማስተማሩ፣ ለብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕመም ሊኖር አይችልም የሚል እምነት አሳደረ። በኋላ ግን ከደረት አጥንት ጀርባ የምትገኘው ታይመስ የተባለች ዕጢ ቲ ሴሎችን እየፈተነች የገዛ አካልን አጥብቀው የሚይዙትን እንደምታስወግድ፣ ፈተናውም ሁሉን እንደማያጣራ ታወቀ፤ አካሉን ሊያጠቁ የሚችሉ ሕዋሳት በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ይዘዋወራሉ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 እነዚህን የሚገቱ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች መኖራቸውን አሳየ፤ በ2025ም ከሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ጤና እንግዲህ ከአጥቂ ሕዋስ ንጹሕ መሆን ሳይሆን አጥቂውን መግታት ነው ማለት ነው።

መጻሕፍተ መነኮሳትን የተማረ ሰው እዚህ ላይ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል፤ አበው ክፉ ሐሳብ በልብ ሽው ማለቱን ሳይሆን ሰው ለሐሳቡ ፈቃዱን መስጠቱን ኃጢአት ብለዋልና። ንጽጽሩ ግን እስከ መጨረሻ አይዘልቅም፤ መነኩሴው ፈቃድ አለው፣ ሕዋስ ግን የለውም። ፈቃድ በሌለበት በደል ስለማይኖር፣ በደለኛውን በልጁ ሥጋ ውስጥ ወይም በእናቱ ሕይወት ውስጥ መፈለግ ከንቱ ነው፤ ፍለጋው ፈቃድ ወዳለበት መውጣት አለበት።

ስትሬፕቶኮከስ በሳልና በትንፋሽ ስለሚተላለፍ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል የሚያድርበት ቤት ይመቸዋል፤ በአዲስ አበባ በፒያሳ ዙሪያ ግድግዳ ተጋርተው የቆሙት ያረጁ የአራዳ ቤቶችም ብዙዎቹ እንዲህ ነበሩ። እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉት ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወሩ፣ ለልጆቹ ልብ ወሳኙ በአዲሱ ቤት አንድ ክፍል ስንት ሰው ያስተኛል የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ በሰው የሚወሰን ጉዳይ ነው። ቶንሲሉ በጊዜ በፔኒሲሊን ቢታከም ልቡ ሳይነካ ይቀር ነበር፤ አንዴ ከተነካ ግን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መውሰድ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ርካሽና የቆየ ነው። እርሱን ያላገኘና ቫልቩ የተበላሸበት ልጅ፣ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ተወርዶ በሚደረስበት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ለቀዶ ሕክምና ተራ ከሚጠብቁት ብዙዎች ጋር ይመዘገባል።